85 ዲግሪ ያነበበው ቀዝቃዛ ሣጥን

ክረምቱን እኛ ቤት ያሳለፈው የእህቴ ልጅ 13 ዓመቱ ነው። ሻንጣው ውስጥ ከልብስ ይልቅ ሽቦ ይበዛ ነበር። ዕቅዱ 10 የሐበሻ ዶሮ ዕንቁላሎች በሣጥን ውስጥ ማስፈልፈል ነው። መዳፍ የምታክል ራስቤሪ ፓይ ኮምፒውተር ሙቀቱን እየለካች፣ 37.5 ዲግሪ አካባቢ እንዲቆይ አምፖሉን ታበራለች፣ ታጠፋለች። የ220 ቮልቱን መስመር የሠራልን ኤሌክትሪሺያን ነው፤ ያ ለልጅ የሚተው ሥራ አይደለም።

ሦስት ቀን ሰላም ሆነ። በአራተኛው ቀን ማታ ስክሪኑ 85 ዲግሪ ይላል፤ እጄን ሳስገባ ግን ሣጥኑ ቀዝቅዟል። ፕሮግራሙ ሙቀቱ ከ39 ካለፈ አምፖሉን አጥፍቶ ሰው እንዲጠብቅ ተደርጎ የተጻፈ ነው። በተሳሳተ ቁጥር ምክንያት ዕንቁላሎቹ ብርድ ላይ ቆይተዋል።

«ፕሮግራሙን አበላሽተኸው ነው» አልኩት። መልስ አልሰጠኝም። በማግስቱ አዲስ ሴንሰር ገዛን፤ ያው 85 ተመልሶ መጣ። «አክስቴ፣ ይቅር። ሞተው ይሆናል» ሲለኝ አንጀቴን በላው።

ቢሮ ውስጥ ሽያጭ ሲወርድ መጀመሪያ የምንጠይቀው «መቼ ጀመረ?» ብለን ነው። እዚህም ያንኑ ጠየቅን። ኮምፒውተሯ የመዘገበችውን ስናይ 85 የመጣው ጠዋት 2 ሰዓት፣ ቀን 8 ሰዓት ወይም ማታ 2 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው፤ ልጁ ዕንቁላሎቹን በሚያገላብጥባቸው ሰዓቶች! እጁ ገመዱን ይነካዋል ማለት ነው።

ዲኤስ18ቢ20 የተባለው ይህ ሴንሰር ኤሌክትሪክ እንዳገኘ፣ ገና ሳይለካ፣ የሚይዘው መነሻ ቁጥር 85 ነው። ስለዚህ 85 ሲመጣ ብዙ ጊዜ «ኤሌክትሪክ ተቋርጦብኝ ነበር» እያለን ነው። ቀዩን ሽቦ ስንፈትሽ ላስቲኩ ደህና ነው፤ ውስጡ ግን ተበጥሷል።

እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ነገር ከገጠማችሁ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ፦

• ስህተቱ የታየበትን ሰዓትና በዚያ ቅጽበት ቤት ውስጥ ምን ይሠራ እንደነበር ጻፉ።

• ሽቦ ከመንካታችሁ በፊት ኮምፒውተሩን አጥፉ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፤ ሁለት ከቀየራችሁ የትኛው እንዳዳነው አታውቁም።

• በመጀመሪያ ሽቦዎቹን በሌላ ተኩ። ዓይን ደህና ያለው ሽቦ ውስጡ የተበጠሰ ሊሆን ይችላል።

• በዳታውና በ3.3 ቮልቱ ሽቦ መካከል 4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር መኖሩን እዩ። ከሌለ ንባቡ ይቆራረጣል ወይም ሴንሰሩ ጭራሽ አይገኝም።

• የራስቤሪ ፓይ የዳታ እግሮች የሚችሉት 3.3 ቮልት ነው፤ 5 ቮልት ሊያቃጥላቸው ይችላል።

• አዲስ ሴንሰር መግዛት የመጨረሻው እርምጃ ይሁን። እኛ ከዚያ ጀምረን ገንዘባችንን አባከንን።

እኛ ሽቦውን ቀይረን፣ እጅ እንዳይነካው ከሣጥኑ ግድግዳ ጋር በፕላስተር አጣበቅነው። ልጁም 85 ሲነበብ አምፖሉን ከማጥፋት በፊት ደግሞ እንዲለካ ፕሮግራሙን አሻሻለ። እኔም ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ጥፋቱ የእሱ አልነበረምና።

በ21ኛው ቀን ማለዳ ከእንቅልፌ የቀሰቀሰኝ የጫጩት ድምፅ ነው። ከ10ሩ 6ቱ ተፈልፍለዋል። ልጁ ሣጥኑ ሥር ተቀምጦ ነበር፤ ሌሊቱን እዚያው አድሮ ኖሯል።