ቪአይፒ የሌለበት ማዕድ

እንደምታውቁት የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝ። የሙያዬ ሀ ሁ ሰውን መለየት ነው፦ ማን ብዙ ይገዛል? የተለየ ወንበርስ ለማን ይዘጋጅ? በዚህ ወር የማስጎበኛችሁ ቦታ ግን ይህን ትምህርቴን የሚሽር ነው።

በሕንድ ፑንጃብ ግዛት አምሪትሳር የምትባል ከተማ አለች። በመካከሏ ሰፊ ኩሬ፣ በኩሬው መካከል ደግሞ በወርቅ የተለበጠ ቤተ መቅደስ ይገኛል። የሲክ እምነት ተከታዮች ሐርማንድር ሳሂብ ይሉታል፤ ዓለም የሚያውቀው ግን «ወርቃማው ቤተ መቅደስ» በሚለው ስሙ ነው።

ኩሬውን እ.ኤ.አ. በ1577 ያስቆፈሩት አራተኛው የሲኮች መምህር፣ ጉሩ ራም ዳስ ናቸው። ቤተ መቅደሱን ያሠሩት ደግሞ ተተኪያቸው ጉሩ አርጃን ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1604 የእምነቱን ቅዱስ መጽሐፍ በውስጡ አኖሩ። አሠራሩን ልብ በሉ። በሮቹ አራት ናቸው፤ ከየትኛውም አቅጣጫና ሃይማኖት የመጣ ሁሉ ይግባ ማለት ነው። ወደ ግቢው የሚገባውም ደረጃ በመውጣት ሳይሆን በመውረድ ነው፤ ትሕትናን ለማስተማር። ጫማ ይወልቃል፣ እግር ይታጠባል፣ ራስ ይሸፈናል።

ቦታው መከራም አይቷል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የአፍጋን ጦር ደጋግሞ ቢያፈርሰውም ሲኮቹ መልሰው ሠሩት። ወርቁን ያስለበጡት በ19ኛው ክፍለ ዘመን የፑንጃቡ ገዢ ማሃራጃ ራንጂት ሲንግ ናቸው። እ.ኤ.አ. በጁን 1984 ደግሞ የሕንድ ጦር በግቢው የመሸጉ ታጣቂዎችን ለማስወጣት ሲገባ ብዙ ደም ፈሰሰ። በዚያው ዓመት ጠቅላይ ሚኒስትር ኢንድራ ጋንዲ በሲክ ጠባቂዎቻቸው ተገደሉ፤ በበቀልም በሺዎች የሚቆጠሩ ሲኮች አለቁ።

ይህ ሁሉ ሆኖም አራቱ በሮች ዛሬም ለሁሉም ክፍት ናቸው። እኔን ከወርቁ ይልቅ የማረከኝ ወጥ ቤቱ ነው። «ላንጋር» ይሉታል። የእምነቱ መሥራች ጉሩ ናናክ የጀመሩት፣ ሰው በዘር ተከፋፍሎ አብሮ መብላትን በሚጠየፍበት ዘመን ነበር። ዛሬ በየቀኑ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በነፃ ይመገቡበታል። ሀብታሙም ድሃውም መሬት ላይ በአንድ ረድፍ ይቀመጣል፤ ቂጣውንም ሁለት እጁን ዘርግቶ ይቀበላል። ምግቡ ሥጋ የለበትም፤ ሃይማኖቱ ከልክሎት ጦሙን የሚመለስ እንዳይኖር። ሽንኩርት የሚልጡትና ሳህን የሚያጥቡት በብዛት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ማገልገሉን እንደ ጸሎት ይቆጥሩታል።

ይህን ሳነብ የራሴ ቤት ትዝ አለኝ። የምግብ ጠረጴዛችን ስድስት ወንበር አለው፤ እኛ አራት ነን። ምግቡን የሠራችልን ልጅ ግን እኛ ከተነሣን በኋላ ጓዳ ገብታ ትበላለች። «እሷው ራሷ ስለምታፍር ነው» እያልኩ ኖሬአለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ አንድም ቀን «ነይ፣ ተቀመጪ» ብያት አላውቅም።

ዛሬ ማታ እላታለሁ። እምቢ ብትለኝ ነገም እደግመዋለሁ። በእናንተ ቤትስ ስንት ወንበር ባዶ ነው?

የወር ሰው ይበለን!