ማርሹ ፈጠነ፤ ጥገናውስ ይደርስበታል?

በሐይቅ ዙሪያ ሜዳ ላይ የጤፍ መሬት የሚያለሰልስ ትራክተርና በአምባሰል አቀበት እህል የጫነ ተሳቢ የሚጎትት ትራክተር ሥራቸው ቢለያይም የሚፈተኑበት ቦታ አንድ ነው፤ ማርሽ ሲቀየር።

መኪና አስፋልት ላይ ፍሪሲዮን ቢረገጥበት በያዘው ፍጥነት ጥቂት ይሄዳል። ማረሻ መሬት ውስጥ ያስገባ ትራክተር ግን እንዲህ አይደለም። የሞተሩ ጉልበት ከጎማው በተለየ ቅጽበት አፈሩ ማረሻውን ይዞ ያቆመዋል። ከቆመበት እንደገና ሲነሳ ናፍጣ ይባክናል፣ የፍሪሲዮኑ ዲስክ ይበላል፣ የአርሶ አደሩም ሰዓት ይሄዳል።

ችግሩ የቆየ ነው፤ መፍትሔውም እንዲሁ። ኢንተርናሽናል ሃርቬስተር በ1954 (እ.ኤ.አ) ትራክተሩ ሳይቆም በአንድ ዘንግ ፍጥነቱን ዝቅ አድርጎ ጉልበት የሚጨምር ካምቢዮ ለገበያ አቀረበ። ፎርድ በ1959 ሁሉም ማርሾች ሥራ ሳይቋረጥ የሚቀየሩበትን ሠራ። የጀርመኑ ፌንት ደግሞ በ1990ዎቹ አጋማሽ ደረጃ የሌለው፣ ፍጥነቱ ያለ ማርሽ ቅየራ ከፍና ዝቅ የሚል ካምቢዮ አመጣ። ማርሽ ሳይቆም የሚቀየርበት ዘዴ ሲገለጽ ቀላል ነው። በካምቢዮው ውስጥ በዘይት የተነከሩ ከአንድ በላይ ፍሪሲዮኖች አሉ። አንዱ ሲለቅ ሌላው በዘይት ግፊት ስለሚይዝ የሞተሩ ጉልበት ከጎማው አይቋረጥም።

ይህ ቴክኖሎጂ ለደቡብ ወሎ ይጠቅማል ወይ ቢባል መልሱ አዎ ነው። ነገር ግን ግዢ የሚጀመረው ከጥቅሙ ሳይሆን ከጥገናው ነው። በአገሪቱ ለዓመታት የታወቀው የቤላሩስ ኤምቲዜድ 80 ትራክተር 18 የፊትና 4 የኋላ ማርሽ አለው፤ የሚቀየሩት በእጅ ነው። ዘገምተኛ ቢሆንም ብዙ መካኒክ ፈትቶ ይገጥመዋል። አዲሱ ካምቢዮ ግን ንጹሕና የተመደበለትን ዘይት፣ በጊዜው የሚቀየር ማጣሪያ፣ አንዳንዴም ብልሽቱን የሚያነብ ኮምፒውተር ይፈልጋል። ያልሆነ ዘይት የተሞላበት ውድ ካምቢዮ ከበሬ ያነሰ ይሠራል። ባለሙያው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ትራክተሩ ቢቆም፣ የሐምሌ ዝናብ መካኒክ አይጠብቅም።

ስለዚህ ለጊዜው የሚያዋጣው መካከለኛው መንገድ ነው። ዋናው ካምቢዮ በእጅ የሚቀየር ሆኖ፣ ከፍና ዝቅ የሚል አንድ ደረጃ ያለ ፍሪሲዮን የሚጨምር፣ ከፊት ወደ ኋላም በአንድ ዘንግ የሚመለስ ትራክተር ለአካባቢው ይስማማል። ማሳው ጠባብና የተበጣጠሰ በመሆኑ ኦፕሬተሩ በየዳሩ ይዞራል፤ ፈጣን የፊትና የኋላ መመለሻ ከብዙ ማርሽ ይልቅ ይጠቅመዋል። ትልቅ ትራክተር በማይገባበት እርከን ላይ ደግሞ ባለሁለት ጎማው አነስተኛ ትራክተር ቢታሰብ ይሻላል።

የቁልቁለቱ ነገርም መዘንጋት የለበትም። ካምቢዮው ምንም ያህል ቢዘምን ተሳቢ የጫነ ትራክተር ማርሹን ነጻ አድርጎ ቁልቁል መልቀቅ ሕይወት ያስከፍላል። ዝቅተኛው ማርሽ መያዝ ያለበት ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው። ናፍጣ ለመቆጠብ ተብሎ የሚደረገው ልማድ በሥልጠና መቆም አለበት።

የተሁለደሬና የአምባሰል ወረዳ ግብርና ባለሙያዎች፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራትም ትራክተር ሲገዙ በውሉ ላይ አራት ነገሮችን ማስፈር ይገባቸዋል፦ መለዋወጫው የት እንደሚገኝ፣ ብልሽት ሲደርስ ጠጋኙ በስንት ቀን እንደሚመጣ፣ የትኛው ዘይት እንደሚሞላ፣ ኦፕሬተሩንና የአካባቢውን መካኒክ ማን እንደሚያሠለጥን። አርሶ አደሩም ለእርሻ ኪራይ ገንዘቡን ከመስጠቱ በፊት ትራክተሩ በክረምቱ እኩሌታ ቢቆም ምን እንደሚደረግ የመጠየቅ መብት አለው።

በሬ የሚገዛ ገበሬ ጥርሱንና ሰኮናውን ሳያይ ገንዘብ አይቆጥርም። ትራክተር የሚገዛ ወረዳም «ማን ይጠግነዋል?» ብሎ ሳይጠይቅ መፈረም የለበትም።