ከእንጦጦ አናት ላይ ስለሰጠመው ጣቢያ

ስለ ኮሜዲ በተነሣ ቁጥር ከመድረክ ሰዎችም ከመምህራንም ዘንድ ደጋግሞ የሚሰማ አንድ ሙግት አለ። «የእኛ ተመልካች ከቤቱ፣ ከጎረቤቱና ከሠርጉ ያልወጣ ነገር አያሥቀውም፤ ከባሕር በታች ስለሚገኝ የምርምር ጣቢያና በውስጡ ስለሚናቆሩ ተመራማሪዎች የሚጻፍ ቧልት ለፈረንጅ እንጂ ለእኛ ምን ይፈይዳል?» የሚል ነው። ሙግቱ ሲሰሙት ብልህ ይመስላል፤ ለሕዝብ ጣዕም የሚቆረቆርም ይመስላል። ሲመረመር ግን የሕዝቡን አእምሮ አሳንሶ ከማየት የመነጨ፣ ከዚያም አልፎ የሣቅን ዒላማ ከባለ ማኅተሙ ጠረጴዛ ላይ አንሥቶ ወደ ደካማው ትከሻ የሚያዞር አስተሳሰብ ሆኖ ይገኛል።

በመጀመሪያ የባሕሩ ነገር ይታይ። ኢትዮጵያ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም። ሆኖም ባሕር ኃይሏ ጠረፉ በቀረ ማግስት አልፈረሰም፤ መርከቦቹ በየመን፣ ኋላም በጅቡቲ ወደብ ተጠግተው እስከ 1988 ዓ.ም. ድረስ ባለቤት እንዳላቸው ሆነው ቆይተዋል። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ባሕር ኃይሉ እንደገና እንደሚቋቋም በይፋ ተነገረ። የአገሪቱ የንግድ መርከቦች ባንዲራዋን ሰቅለው ውቅያኖስ ሲያቋርጡ ዋና መሥሪያ ቤታቸው ያለው ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ በተቀመጠችው አዲስ አበባ ነው። ባሕር ዳር ላይም ወደቡን በካርታ ብቻ የሚያውቁ ወጣቶች ለዓለም መርከቦች መኮንንነት ሠልጥነው ይወጣሉ፤ ማዕበሉን ተቋቁመው ቤተሰባቸውን ይረዳሉ። ይህ የሚያስከብር እንጂ የሚያሳፍር አይደለም። ነገር ግን ይህን ሁሉ በዕለት ኑሮው የሚያውቅን ሕዝብ «ባሕር አይገባህም» ብሎ መድረክ መከልከል ከምን የመጣ ነው? ወለፈንዱን ነገር ተመልካቹ ከደራሲው በፊት ኖሮበታል።

ከባሕር በታች ያለው ጣቢያም የደራሲ ፈጠራ ብቻ አይደለም። በ1963 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ዣክ ኢቭ ኩስቶ አምስት ሰዎችን ለአንድ ወር ያኖረበት ቤት የተተከለው በቀይ ባሕር፣ ከሱዳን ጠረፍ ማዶ፣ አሥር ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ነበር። ሰዎቹ ወጥ ሠሪ ነበራቸው፤ አየሩ ሲበከል ቀድማ ታስጠነቅቃለች የተባለች በቀቀንም አብራቸው ነበረች። ከሁለት ዓመት በኋላ የአሜሪካ ባሕር ኃይል በካሊፎርኒያ ጠረፍ ያሰጠመው «ሲላብ 2» ደግሞ ስልሳ ሜትር ያህል ወርዶ የባሕሩ ወለል ዘንበል ባለበት ስፍራ ተቀመጠ። ነዋሪዎቹ ሳህናቸው እየተንሸራተተባቸው «ያዘመመው ሒልተን» የሚል ስም አወጡለት። ደብዳቤና መሣሪያ የሚያመላልስላቸው ቱፊ የሚባል የሠለጠነ ዶልፊን ነበር። በጥልቅ ውኃ ለመተንፈስ ከኦክሲጅን ጋር የሚቀላቀለው ሂሊየም የሰውን ድምፅ እንደ ጫጩት ያቀጥነዋልና፣ ሠላሳ ቀን ከውኃ በታች የቆየው ስኮት ካርፔንተር ከፕሬዚዳንት ጆንሰን ጋር በስልክ ሲነጋገር በዚያው በጫጩት ድምፁ ነበር። ፕሬዚዳንቱ በክብር ያመሰግናሉ፤ ጀግናው ይንጫጫል። ከዚህ የሚበልጥ የኮሜዲ ትዕይንት በብዕር የሚፈጥር ደራሲ ከተገኘ እሰየው።

በ1969 እ.ኤ.አ. ግን የሦስተኛው ሲላብ ጠላቂ ቤሪ ካነን ሞተ፤ ፕሮግራሙም በዚያው ተቋረጠ። ይህ መረሳት የለበትም። የተዘጋው ጣቢያ ኮሜዲ ከተራ ፌዝ የሚለየው ግድግዳው ባሕሩን ከልክሎ በመቆሙ ነውና። ቤት ውስጥ የተጣላ ጎረቤት ዘንድ ይሄዳል፤ ቢሮ ውስጥ የተኳረፈ ምሳ ሰዓት ይጠብቃል። እዚያ ግን መውጫ የለም። አንዱ የሌላውን አየር ይተነፍሳል። የሚናቆሩት ሰዎች ካልተባበሩ ያልቃሉ፤ ይህን ሁሉም ያውቃሉ፤ እያወቁም አይተባበሩም። ሣቁ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ፍርሃቱም እንዲሁ።

እንግዲህ ይህን ጣቢያ የት እንትከለው ለሚል ጸሐፊ ተውኔት መልሱ ሩቅ አይደለም፤ እንጦጦ ማርያም ነው።

ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በዚሁ ተራራ፣ በዚህችው ቤተ ክርስቲያን ነው። በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ሦስት ዓመት ሆኗት ነበር፤ እቴጌ ጣይቱ የፍል ውኃውን አካባቢ ወድደው ወርደዋል፤ መኳንንቱም ከብርዱና ከእንጨቱ እጦት ሸሽተው ተከትለዋል። ንግሡ ላይ፣ ከተማው ታች ማለት ነው። ቀድሞ የሰፈረውን የቤተ መንግሥት ሰው ከተራራው ያወረደው ብርድ፣ እንጨትና ውኃ መሆኑን ለሚያስታውስ፣ በዚህ አናት ላይ የውኃ ውስጥ ጣቢያ መትከል ቀልድነቱ ከታሪኩ የተቀዳ ይሆናል። የመሬቱ አቀማመጥ ራሱ ወለፈንድ ነው። ከሸንተረሩ ወደ ሰሜን የወረደ ዝናብ በሙገር በኩል ዐባይ ገብቶ እስከ ሜዲትራኒያን ይዘልቃል፤ ጥቂት እርምጃ ወደ ደቡብ ቢወድቅ ግን አዋሽን ተከትሎ አፋር በረሃ፣ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል፤ ባሕር የሚባል አያይም።

ዛሬ በዚሁ ተራራ፣ 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ባለ አንድ ሜትር መስተዋት ሁለት ቴሌስኮፖች ያሉበት የጠፈር ምርምር ጣቢያ አለ። በ2007 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይትም የምድር መቆጣጠሪያዋ የተተከለው እዚያው ነው። በክረምት ደመናው ሌሊቱን ይጋርዳል፤ ከሥር ያለችው ከተማ መብራቷ በበዛ ቁጥር ከዋክብቱ ይደበዝዛሉ፤ ወደ ላሊበላ ወገን የተሻለ ሰማይ የመፈለጉ ሐሳብም በይፋ የተነገረ ነው። ይህ የሚነሣው ተቋሙን ለማላገጥ አይደለም፤ የሰማይ ተመራማሪ ሁሉ ጠላቱ ደመና ነውና። የሚነሣው ርቆ ስለ ተቀመጠ የምርምር ጣቢያ የሚጻፍ ተውኔት ለጉለሌ ነዋሪ እንግዳ ነገር አለመሆኑን ለማሳየት ነው። ጣሪያውን ከመስኮቱ ያየዋል።

ተውኔቱ እንዲህ ቢጀምር ምን ይጎድለዋል? የባሕሩን ወለል የሚያጠኑ ሰባት ሰዎች ተቀጥረዋል። ጣቢያው ተገጣጥሟል። ባሕሩ ግን ዘግይቷል። ባሕሩ እስኪደርስ ድረስ ጣቢያው «ለጊዜው» ከእንጦጦ ማርያም በላይ፣ ከባሕር ዛፉ መካከል እንዲቀመጥ ተወስኗል። መተዳደሪያ ደንቡ ግን የተጻፈው ለባሕር ውስጥ ነውና በሩን መክፈት ይከለክላል። ሰዎቹም ደንብ አክባሪዎች ናቸው፤ አይወጡም። አየር ከንብረት ክፍል በሞዴል 22 ወጪ ይሆናል፤ የተነፈሱትን አየር ደግሞ ንብረት ክፍሉ ያገለገለ ዕቃ ነው ብሎ በሞዴል 19 ገቢ እንዲያደርጉ ያስገድዳል። ጠላቂው መዋኘት አይችልም፤ የምስክር ወረቀት ግን አለው። ሊቁ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ የሰርዲን ጣሳ ሲመረምር ኖሮ፣ ዓሣው ጭንቅላት የለውም የሚል ግኝት ላይ ደርሷል። ሥራ አስኪያጁ ለባሕር ጠለቅ ውሎ አበል እንዲከፈል ይጽፋል፤ የተራራ አበል ነው የሚገባችሁ የሚል መልስ ይመጣለታል፤ ክርክሩ ሁለተኛውን ገቢር በሙሉ ይወስዳል። ከሁሉ የሚያሥቀው ግን ጣሪያው የክረምት ዝናብ ማፍሰስ ሲጀምር ነው። ሠራተኞቹ እርስ በርስ ተቃቅፈው ይደሰታሉ፤ ባሕሩ ደረሰ ብለው ቃለ ጉባኤ ይይዛሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ከደንብ ውጪ የሚሠራ ሰው የለም። ወለፈንድ ኮሜዲ ማለት ትርጉም የሌለው ቃል መደርደር የሚመስላቸው፣ መድረኩን በጭስ ሞልተው ተዋናዩን ጀርባውን ለተመልካች አዙረው የሚያስቀምጡና «ያልገባው ስላልበሰለ ነው» የሚሉ አዘጋጆች የሚስቱት ይህንኑ ነው። ወለፈንድ ከሌላው ኮሜዲ ሁሉ የበለጠ ጥብቅ ሕግ ይፈልጋል። አንድ የተሳሳተ ነገር በመነሻው ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ እንደ ሒሳብ ትክክል መሆን አለበት። ጎጎል በ1836 እ.ኤ.አ. መድረክ ላይ ባወጣው ተውኔት አንዲት የገጠር ከተማ ሹማምንት መንገደኛን ተቆጣጣሪ አድርገው ተቀበሉ፤ የቀረው ሁሉ ከዚያች አንዲት ስሕተት የተከተለ ነው።

የአማርኛ ቴአትር ለዚህ ባዕድ ነው የሚለውስ? የአማርኛ ተውኔት የተወለደው በወለፈንድ ነው። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1910ሮቹ ዓ.ም. «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን ሲያዘጋጁ በመድረክ ላይ ያናገሩት እንስሳትን ነበር። ተመልካቹ መኳንንት ግን እንስሳቱ እነማን እንደሆኑ ለመረዳት አስተርጓሚ አልጠየቀም፤ ተውኔቱም በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። የተከለከለው ስላልገባ አይደለም፤ ስለገባ ነው። መንግሥቱ ለማም በ«ጠልፎ በኪሴ» የተማሩ ወጣቶችን ሰብስቦ በጠለፋ ትዳር ላይ ሲያሰማራቸው ያሳየው የአንድን ቡድን ዕቅድና የዕቅዱን መፋለስ ነው፤ ጣቢያው ከውኃ በታች አልሆነም እንጂ ሰዎቹ እነዚያው ናቸው። ከመድረክ በፊትም ቢሆን አለቃ ገብረ ሐና ነበሩ። ጨዋታቸው ከደብተራው እስከ መስፍኑ ማንንም አይምርም ነበር፤ ተክሌ የሚባለውንም የአቋቋም ስልት ከጣና ሐይቅ ሞገድ እንቅስቃሴ ቀስመው እንዳመነጩ ይነገራል። ውኃ በሊቃውንቱ ጉባኤ ውስጥ ሲገባ ያኔም ተቃውሞ ነበረበት።

እንግዲህ የቀረው ዋናው ክርክር ነው። ዛሬ በየመድረኩና በየስክሪኑ ማን ነው የሚሣቅበት? ከገጠር ትናንት የገባው ሰው ባለ ዘዬው፤ ሊፍት ያላየው፤ የቤት ሠራተኛዋ፤ ተብታባው፤ ደንቆሮው፤ ወፍራሟ። ቁልፍ የያዘውስ? ማኅተም የያዘው፣ ስብሰባ የሚጠራው፣ ፊርማው እስኪመጣ ሰው የሚያንገላታው የት አለ? «ሕዝባችን ቀላል ነገር ይወዳል» የሚለው ሙግት መጨረሻው እዚህ ነው፤ ደካማ ላይ መሣቅ ቀላል ነውና። የሠርግና የሽማግሌ ኮሜዲ በራሱ ነውር የለበትም። ነውሩ ሌላ ኮሜዲ አይቻልም ማለት ነው። ሙሉ ቀኑን በመሥሪያ ቤት ወረፋ የዋለ ተመልካች ማታ ቲኬት ቆርጦ ሲገባ፣ የዋለበትን ነገር በመድረክ የማየት መብት አለው። ከባሕር በታች አድርጎ ማሳየቱ ደግሞ ማምለጫ ሳይሆን ማጉያ ነው፤ አየር በፊርማ ሲሰጥ ያየ ተመልካች በማግስቱ ወረፋው ላይ የሚቆመው በሌላ ዓይን ነው።

«ሳይንሳችን ገና ጨቅላ ነው፤ ተመራማሪን መድረክ ላይ ማዋረድ ወጣቱን ያስፈራዋል» የሚሉ ቅን መምህራን አሉ። ሐሳባቸው ሊናቅ አይገባም። ነገር ግን በተውኔቱ የሚሣቅበት ምርምሩ አይደለም፤ ምርምሩን ያስቀረው ቅጽ ነው። በየትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ዕቃው በሣጥን ታሽጎ ቁልፉ የጠፋበትን ተማሪ ማን አስፈራው? ኮሜዲ ነው? ቤሪ ካነንን የቀበረው ሣቅ አልነበረም። በጠባብ ጣቢያ ውስጥ ስሕተትን በጊዜ የሚናገር ሰው ሲጠፋ አየሩ ያልቃል፤ ቀልደኛው እንደ ኩስቶ በቀቀን ቀድሞ የሚንጫጫው ለዚህ ነው።

ስለ ወጪ የሚነሣው ጥያቄ ብዙ አያከራክርም። አንዲት ክብ መስኮት፣ ሰባት ወንበር፣ አንድ ማኅተም፣ ከጣሪያ የሚንጠባጠብበት አንድ ባልዲ ይበቃል፤ ወንበሮቹን ትንሽ ማዝመም ነው። አንድ ነገር ግን ሊቀር አይችልም። በእንጦጦ ቁልቁለት ማለዳ የወጣ ሁሉ የሚያያቸው ሴቶች አሉ፤ ከቁመታቸው የሚረዝም የባሕር ዛፍ ጭራሮ በወገባቸው አዝለው፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርዱ። ከመካከላቸው አንዲቱ በሦስተኛው ገቢር የጣቢያውን በር ታንኳኳ። ውስጥ ያሉት ይደነግጣሉ፤ ያንኳኳው ዓሣ ነው አይደለም በሚለው ላይ ድምፅ ይሰጣሉ። በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ በቀዳዳ አፉን አስጠግቶ፣ በሩ ቢከፈት ውኃ እንደሚያጥለቀልቃቸው በትሕትና ያስረዳታል። እርስዋም ሸክምዋን ሳታወርድ፣ «ውኃማ ቢኖር ጌቶቼ፣ የሚጠጣ ስጡኝ ብዬ እናንተን ምን ያስለምነኝ ነበር?» ብላ ቁልቁለቱን ትቀጥላለች።