ከመቅዘፍ በፊት ማሰር ይቅደም



ከገደራ፣ ከያቭኔም ሆነ ከቂርያት መላኪ የአሽዶድ ባሕር ቅርብ ነው። የእስራኤል የመጀመሪያ የኦሎምፒክ ወርቅም እ.ኤ.አ. በ2004 በጋል ፍሪድማን የተገኘው በነፋስና በሸራ ነው። ሆኖም ልጅ የሸራ ጀልባ ሲመኝ ብዙ ቤት «ባሕር ይበላል» ይባላል። ፍርሃቱ ተገቢ ነው። መልሱ ግን መከልከል ሳይሆን፣ ልጁ ጀልባውን በገዛ እጁ ማሰናዳት እንዲማር ማድረግ ይመስለኛል።

ለጀማሪ ልጆች የሚሆነው ኦፕቲሚስት የተባለው ጀልባ ርዝመቱ 2.3 ሜትር፣ ሸራውም አንድ ብቻ ነው። ምሰሶው ጀልባው ቢገለበጥ እንዳይወጣ ይታሰራል። ሸራው በአጫጭር ገመዶች ከምሰሶው ጋር ይያያዛል። በአየር የተሞሉት ከረጢቶች ይፈተሻሉ፤ የውሃ መጥለፊያው እንኳ በገመድ ይታሰራል። ሸራው ሲዘረጋ የጀልባው አፍንጫ ወደ ነፋሱ ይዞራል፤ አለዚያ ነፋሱ ሸራውን ሞልቶ ሊገለብጠው ይችላል።

ይህ ሥራ ለእናንተ እንግዳ አይደለም። ሞፈርን ከቀንበር በምራን ያሰረ፣ አህያ የጫነ ሰው የላላ ቋጠሮ መንገድ ላይ የሚያመጣውን ጣጣ ያውቃል። የጣና ታንኳም የደንገል እስር ነው፤ እስሩ ከላላ ታንኳ የለም።

ስለዚህ ጀልባ የምትገዙ ወላጆች፣ ሻጩ አሰናድቶ ሲሰጣችሁ ዝም ብላችሁ አትረከቡ። አስተማሪው አንዴ ያሳይ፤ ከዚያ ይፈታና ልጁ ራሱ ይሰር። እናንተም አጠገቡ ቁሙና ቋጠሮውን ሳብ አድርጋችሁ ሞክሩት። ከላላ «ፍታና እንደገና እሰር» በሉት። የነፍስ አድን ሰደርያውንም ሳይለብስ አይግባ።