ዲኤክሷን በምን ልተካት?

ዛሬ ስለ መኪናዬ ነው የምጽፈው። «በዚህ ጊዜ ስለ መኪና?» የምትሉ ካላችሁ እስከ መጨረሻው ታገሱኝ። ነገሩ የእኔ ብቻ አይደለም።

ከሦስት ሳምንት በፊት ወልድያ ውስጥ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃቸው ሽማግሌ መካኒክ የዲኤክሷን ኮፈን ከፍተው ካንዴላዎቹን አንድ በአንድ አወጡ። ሦስተኛው በዘይት ጠቁሯል። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ «ልጄ፣ ሞተሯ ደክሟታል» አሉኝ። «ይወርድ ካልክ አወርድልሃለሁ። ግን አንተ አሁን ልጅ አለህ። እኔ ብሆን እሸጣት ነበር።»

እኒህ ሰው ሥራ የሚያጡበትን ምክር ሰጥተውኝ አያውቁም። ስለዚህ ቃላቸውን ይዤ ወደ ቤት ሄድኩና «በምን ልተካት?» የሚለውን ጥያቄ ጀመርኩ። ጥያቄው ከጋራዥ ተነስቶ አዲስ አበባ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ድረስ ወሰደኝ።

*1. ዲኤክስ ማለት*

ለማታውቋት ላስተዋውቅ። የ82 ሞዴል ቶዮታ ኮሮላ ናት። «ዲኤክስ» በመሠረቱ የመኪና ስም አይደለም፤ ቶዮታ ለተሻለው የኮሮላ ዓይነት ከኋላ የሚለጥፈው ምልክት ነው። እኛ ግን ምልክቱን ስም አደረግነው። ሞተሯ 1300 ሲሲ ነው፣ ካርቡሬተር ነው፣ የሚነዳትም የኋላ ጎማዋ ነው። ከእሷ በኋላ የመጡት አብዛኞቹ ኮሮላዎች በፊት ጎማ የሚነዱ ሆኑ። የእሷ ትውልድ ላይ ያለው ፍቅር የእኛ ብቻ አይደለም፤ አውስትራሊያና ማሌዥያ ያሉ ወጣቶች ይቺኑ መኪና እየፈለጉ ገዝተው ለውድድር ያዘጋጇታል። እኛም ዘንድ ስፖርት ቸርኬ ያልገባላት፣ ማርሚታዋ ያልተቀየረ ዲኤክስ ማግኘት ይከብዳል። ስፖርት መኪና ገዝቶ የማያውቅ አገር የራሱን ስፖርት መኪና የሠራው ከእሷ ነው።

አባቴ የገዛት ለስፖርት አልነበረም። መርሳ ላይ ፍራፍሬ ይነግድ ነበርና ፖርታባጋሊዮ አስገጥሞ ብርቱካንና ማንጎ ጫነባት። እኔ መንዳት የተማርኩት ከመርሳ በሲሪንቃ አድርጎ ወልድያ በሚወጣው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ላይ ነው። ዳገቱ ላይ በሦስተኛ ማርሽ ስትጎተት፣ መታጠፊያው ላይ ኋላዋ ትንሽ ቀለል ሲል መሪው በእጅህ ላይ ይነግርሃል። ከዚያ ወዲህ የነዳኋቸው መኪኖች ሁሉ ጸጥ ያሉ ናቸው። ይቺ ግን ታወራለች።

ነሐሴ 2013 ወልድያ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ከመውደቋ ጥቂት ቀደም ብሎ ዘጠኝ ሰው ጭና ደሴ አድርሳናለች። ጥቅምት 2014 መገባደጃ ላይ ደሴም ሲደርስባት ወደ ደብረ ብርሃን ወሰደችን። በዚያ መንገድ ላይ አንዴ ብቻ ቆመች፤ የቆመችውም በካርቡሬተር ቆሻሻ ነበር። በአፌ እፍ ብዬ አስነሳኋት። እንግዲህ የምተካው ይህን ነው።

*2. የመጀመሪያው ምርጫ፦ ኤሌክትሪክ*

በእጄ ያለው 700 ሺህ ብር ነው። ለዲኤክሷ 550 ሺህ የሚሰጥ ሰው ተገኝቷል። በድምሩ 1 ሚሊዮን 250 ሺህ። አባቴ ይህን ቁጥር ቢሰማ ፎቅ ልሠራ ነው የሚመስለው።

አዲስ አበባ ያሉ ጓደኞቼ በአንድ ድምፅ «ኤሌክትሪክ ግዛ» አሉኝ። ሞኝነት አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የገንዘብ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ መኪኖችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነፃ አደረገ፤ ተገጣጥመው ለሚገቡትም የጉምሩክ ቀረጡን 15 በመቶ ላይ ወሰነ። ጥር 2016 ላይ ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ሕዳሴ ግድብ ተመረቀ፤ የማመንጨት አቅሙ ከ5 ሺህ ሜጋ ዋት በላይ ነው። አገሩ ነዳጅ የለውም፣ ውኃ አለው። ሎጂኩ ይገባኛል፤ እደግፈዋለሁም።

ሒሳቡንም ሠርቼዋለሁ። ከወልድያ ደሴ 120 ኪሎ ሜትር ነው። ዲኤክሷ 12 ሊትር ቤንዚን ትጠጣለች፤ ሊትሩ ደግሞ ከ100 ብር አልፏል፣ ያውም ማደያ ላይ ከተገኘ። ማደያው «የለም» ሲል በሃይላንድ የሚሸጠውን የምትገዙበትን ዋጋ እናንተው ታውቁታላችሁ። ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ያንኑ መንገድ በ18 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ትጨርሰዋለች፤ በቤት ታሪፍ ቢሰላ 200 ብር አይሞላም።

ታዲያ ለምን አልገዛም? ሦስት ምክንያት አለኝ።

አንደኛ፣ ርቀት። ወልድያ ከአዲስ አበባ 520 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በእኔ አቅም የሚገኙት ያገለገሉ ትንንሽ መኪኖች፣ ባትሪያቸው ሙሉ ጤነኛ ቢሆን እንኳ፣ ይህን በአንድ ቻርጅ አይጨርሱትም። መንገድ ላይ ቢያንስ አንዴ፣ ምናልባትም ሁለቴ መሞላት አለባቸው። አዲስ አበባ ውስጥ ቻርጅ ማድረጊያ ፍለጋ ሰፈር መቀየር ነው፤ እኛ ጋ ፍለጋው ክልል መቀየር ነው።

ሁለተኛ፣ ሶኬት። የቤት ሶኬት 3 ኪሎ ዋት ያህል ቢሰጥ ነው። 40 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ለመሙላት 13 ሰዓት ያለማቋረጥ መብራት ያስፈልጋል። ወልድያም መርሳም ያላችሁ አንባቢዎቼ «ያለማቋረጥ» የሚለው ቃል ላይ ፈገግ ስትሉ ይታየኛል።

ሦስተኛውን የሚያውቀው ያየ ብቻ ነው። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 በነበሩት ወራት ወልድያ ውስጥ መብራት አልነበረም። ከሐምሌ 2015 ወዲህ ባለው ግጭትም መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ እንደገና ይዘጋል። መኪና ለእኛ መዝናኛ ወይም መሥሪያ ብቻ አይደለም፤ የመውጫ በርም ነው። ቤንዚን በጀሪካን አልጋ ሥር ይቀመጣል። መብራት በጀሪካን አይቀመጥም።

እውነቱን ለመናገር ግን፣ መርሳ ተቀምጦ ወልድያ እየሸጠ ማታ ለሚመለስ ነጋዴ ኤሌክትሪክ ዛሬም ከሁሉ ይሻላል። ደርሶ መልሱ 60 ኪሎ ሜትር ነው፤ ቁልቁለቱም ባትሪውን በከፊል መልሶ ይሞላለታል። ሥራህ ከዚህ ክብ የማይወጣ ከሆነ የእኔን ጽሑፍ እዚህ ላይ አቁመህ ግዛ። የእኔ ሥራ ግን ዛሬ ቆቦ፣ ነገ ጋሸና፣ ከነገ ወዲያ ደሴ ነው።

*3. ሁለተኛው ምርጫ፦ ቪትዝ*

«ወንድሜ፣ ቪትዝ ማለት ባንክ ናት» አለኝ ደላላው። ልክ ነው። ችግሩም እሱ ነው። የጠየቀኝ 1 ሚሊዮን 800 ሺህ ብር ነው፣ ከ15 ዓመት በላይ ላገለገለች መኪና።

ይህ ዋጋ ከሰማይ አልወረደም። መጀመሪያ በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እጅግ ውድ አደረገው። ቀጥሎ የ2016ቱ ክልከላ አዲስ የቤንዚን መኪና እንዳይገባ በሩን ዘጋ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ደግሞ ብር በገበያ እንዲመራ ተለቀቀ፤ ከ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። አዲስ አይገባም፣ ያለው አይበቃም፣ ብር ይወርዳል። እንዲህ ባለ ገበያ መኪና እያረጀ ዋጋው ይጨምራል። በሌላው ዓለም መኪና ከሱቅ በወጣ ማግስት ዋጋው ይቀንሳል፤ እኛ ዘንድ እንደ መሬት እናስቀምጠዋለን።

ገንዘቡ ቢኖረኝም እንኳ ዝቅ ማለቷ ለጠጠር መንገድ አይመችም። ያገር ሰው «ይቺማ የአስፋልት ናት» የሚላት በምክንያት ነው።

*4. ሦስተኛው ምርጫ፦ ሞተር ሳይክል ወይም ባጃጅ*

አጭር ልሁን። ለአንድ ጋዜጠኛ ሞተር ሳይክል ርካሽ ናት። ግን የጸጥታ ሁኔታው በተበላሸ ቁጥር መጀመሪያ እንዳይንቀሳቀስ የሚታገደው ሞተርና ባጃጅ ነው። በዚያ ላይ የአራት ዓመት ልጄን ከፊቴ አስቀምጬ ዳገት አልወጣም።

*5. አራተኛው ምርጫ፦ እሷኑ ማደስ*

ልቤ ያለው እዚህ ነው። ሞተሩ ይወርዳል፣ ፒስተንና ፋሻ ይቀየራል፣ ፍሪሲዮኑም አብሮ ይታያል። በ200 ሺህ ብር ገደማ ሌላ አሥር ዓመት።

ግን ያ ሽማግሌ መካኒክ «አሁን ልጅ አለህ» ያሉት ቃል አልለቀቀኝም። አንድ ቀን ማታ ዲኤክሷን እንደ ባለቤት ሳይሆን እንደ ጋዜጠኛ አየኋት። ኤርባግ የላትም። ከኋላ ወንበር የደኅንነት ቀበቶ የላትም። ፍሬኗ ድንገት ሲረገጥ ጎማው ተቆልፎ ይንሸራተታል። ዘጠኝ ሰው ያተረፈችን መኪና መሆኗ አንድ ነገር ነው፤ ልጄን በየሳምንቱ የማስቀምጥባት መሆኗ ሌላ ነገር። የመጀመሪያው ዕድል ነበር። ዕድልን በየሳምንቱ መፈተን ደግሞ ፍቅር አይደለም።

*6. የወሰንኩት*

በመጨረሻ የ98 ሞዴል ኮሮላ አገኘሁ። በደላላ ሳይሆን ከባለቤቷ፣ በ1 ሚሊዮን 230 ሺህ። ማርሿ በእጅ የሚቀየር ነው። ከኋላ የሦስት ነጥብ ቀበቶ አላት፣ ከሹፌሩ ፊት ኤርባግ አላት። በምርመራ ጊዜ ሞተሯን ሳትሞቅ፣ በጠዋት ብርዱ አስነስቼ የጭሱን ቀለም አየሁ። ከሥሯ ገብቼ ሻንሲዋ የተበየደ መሆን አለመሆኑን ፈተሽኩ። የሊብሬውን የሻንሲ ቁጥር ከመኪናዋ ጋር በዓይኔ አስተያየሁ። ከዚያ ሽማግሌው መካኒክ ነድተዋት «ትሆናለች» አሉ። እሳቸው «ትሆናለች» ካሉ ትልቅ ምስጋና ነው።

ግን አስቡት። ያለኝን ጥሪት ሁሉ አውጥቼ ከ40 ዓመት በላይ የሆናትን መኪና በ27 ዓመት መኪና ተካሁ። ያተረፍኩት 16 ዓመት ነው። ወደፊት ሄድኩ የምለው ይህን ነው።

*7. ስለዚህ*

ክልከላው ይነሳ የሚል ክርክር የለኝም። አገሪቱ በየዓመቱ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ለነዳጅ ታወጣለች፤ ያ ገንዘብ ለመድኃኒትና ለማዳበሪያ ቢሆን ይሻለኛል። ክርክሬ ስለ ቅደም ተከተሉ ነው። በሩ መጀመሪያ ተዘጋ፣ መስኮቱ ገና አልተከፈተም። ፖሊሲው የተጻፈው አዲስ አበባ ቤቱ ሶኬት ላለው፣ ማታ አቁሞ ጠዋት ለሚያነሳ ሰው ነው። ያ ሰው አለ፤ ይጠቀምበት። ግን ያው ሕግ ውርጌሳ ያለችውን አዋላጅ ነርስም፣ ጊራና ያለውን የመስኖ ገበሬም፣ ቆቦ ያለውን መምህርም ይመለከታል። እነሱ በኤሌክትሪክ አልተተኩም፤ በአሮጌ መኪና ውድድር ውስጥ ተጣሉ እንጂ።

የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንድ፣ ከደብረ ብርሃን እስከ ቆቦ ባለው ዋና መንገድ ላይ፣ ቢያንስ ኮምቦልቻ፣ ደሴና ወልድያ ላይ፣ መብራት ሲጠፋም የሚሠራ ፈጣን ቻርጅ ማድረጊያ ይቁም። ሁለት፣ ያ እስኪሆን ድረስ ትንሽ ሞተር ያላቸው መኪኖች ጦርነት ለጎዳቸው አካባቢዎች በተወሰነ ቁጥር እንዲገቡ ይፈቀድ። ሦስት፣ ለደኅንነት መለዋወጫ፣ ለፍሬን፣ ለጎማና ለቀበቶ የሚከፈለው ቀረጥ ይቀነስ። አሮጌ መኪና እንድንነዳ ካስገደዳችሁን፣ ቢያንስ ፍሬኑ የሚይዝ ይሁን።

ዲኤክሷን የገዛት የመርሳ ልጅ ነው። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። ቁልፉን ስሰጠው መጀመሪያ የጠየቀኝ «ጋሼ፣ ስፖርት ቸርኬ ብገጥምላት ምን ይመስልሃል?» የሚል ነበር። ሞተሩን አስወርድ፣ ከኋላም ቀበቶ አስገጥም፣ ከዚያ ቸርኬውን እንነጋገራለን አልኩት። እሺ አለኝ። ሲነሳ የማርሚታዋ ድምፅ ከቤቴ ጀምሮ ቁልቁል መታጠፊያው ድረስ ይሰማ ነበር። ልጄ በሩ ላይ ቆማ «የእኛ መኪና ሄደች» አለች።

እናንተስ በምን ተካችሁ? ወልድያ፣ መርሳ፣ ሐራ፣ ቆቦ ያላችሁ በተለይ ጻፉልኝ። ኤሌክትሪክ ገዝታችሁ የተሳካላችሁ ካላችሁ ደግሞ ከሁሉ አስቀድማችሁ ንገሩኝ፤ ብሳሳት ደስ ይለኛል።