አሮጌ ፒክአፕ ላይ ኤልኢዲ ከማስገባታችሁ በፊት

ዛሬ ስለ መኪና መብራት ልጽፍ ነው። «ቲቸር ደግሞ መቼ መኪና ገዛ?» የምትሉ አላችሁ፤ አልገዛሁም። መኪናዋ የታላቅ ወንድሜ ናት፣ ነጠላ ጋቢና አሮጌ ሂሉክስ። ጥፋቱ ግን የኔ ነው።

ወንድሜ ከነቀምት ጊምቢ፣ ከነቀምት ባኮ ጭነት ይመላለስባታል። ሲመሽበት «መንገዱ አይታየኝም» እያለ ሲያማርር ኤልኢዲ አምፖል አስገባ ብዬ የወተወትኩት እኔ ነኝ። ከሶማሌ ተራ በሰው አስመጣን፣ አሮጌውን ነቅለን አዲሱን ሰካን፣ በቃ። የመጀመሪያው ምሽት ቀን መሰለን።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ በባጃጅ ወደ ቤት ስገባ ከፊታችን ነጭ ብርሃን መጣብን። ባለ ባጃጁ ልጅ በአንድ እጁ ዓይኑን ከለለ። መንገድ ዳር አህያ እየነዱ የሚሄዱ እናት ነበሩ፤ ያየናቸው አጠገባቸው ስንደርስ ነው። ልጁ መሪውን ጠምዝዞ የአህያዋን ጭነት ጨርፈን አለፍን። እሳቸው አልተነኩም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ዞር ብዬ መኪናውን ሳይ የወንድሜ ናት! ረጅም መብራት አብርቶ መስሎኝ ደወልኩ። «ኧረ አጭር ነው» አለኝ። እውነቱን ነበር።

ፊዚክስ የማስተምር ሰው ቀድሜ ማሰብ ነበረብኝ። ኮንኬቭ መስታወት ያስተማርኳችሁ ትዝ ይላችኋል? ኤች4 የሚባለው የሃሎጅን አምፖል ሁለት ክር አለው። የረጅሙ ክር (60 ዋት) መስታወቱ ፎከስ አካባቢ ይቀመጣል። የአጭሩ (55 ዋት) ከፎከሱ ወደ ፊት ፈንጠር ይላል፤ ከስሩም ትንሽ የብረት ኩባያ አለችው። ኩባያዋ ብርሃኑ የመስታወቱን የታችኛውን ግማሽ እንዳይነካ ትከልላለች፤ የላይኛው ግማሽ ወደ መሬት ይመልሰዋል። ሁሉም በሚሊሜትር የተለካ ነው። እዚያ ቤት ውስጥ ቅርጹም ቦታውም የተለየ አምፖል ስትሰኩ ብርሃኑ ይበተንና የሰው ዓይን ውስጥ ይገባል። በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚነዳ ሰው ለ2 ሰከንድ ቢታወር 33 ሜትር በጭፍን ይሄዳል ማለት ነው።

«ሁሉም አስገብቶ እኔ ብቻ በደካማ መብራት ልታወር?» ትሉኛላችሁ። ወንድሜም ያለኝ ይህንኑ ነው። ይገባኛል፣ ግን አሮጌው መብራት የደከመው ሃሎጅን ስለሆነ አልነበረም። ኤሌክትሪሺያኑ ሲለካው ባትሪው ላይ ያለው ቮልቴጅ አምፖሉ ጋ ሲደርስ ቀንሷል። የሃሎጅን ነገር ክፉ ነው፣ ቮልቴጁ 10 በመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ 30 በመቶ ገደማ ይወርዳል። የዛገ የመሬት ሽቦ፣ የጠቆረ ሶኬት፣ በማብሪያው በኩል የሚዞር ቀጭን ሽቦ ያንን ያህል ይበላል።

ስለዚህ ከባትሪው በፊውዝና በሪሌ ቀጥታ ወፍራም ሽቦ አስገባን፣ የመሬቱን ግንኙነት አስጸዳን፣ ዝገት የበላውን የመብራት ቤት በሙሉ ቀየርን፣ ደህና 60/55 አምፖል አደረግንበት። (100/90 ዋት የሚሸጥላችሁ ካለ ተዉት፣ የአሮጌ መኪና ሽቦና ሶኬት ያቀልጣል።) ከዚያ ግድግዳ ፊት 10 ሜትር ላይ አቁመን፣ አጭሩ መብራት ከመብራቱ ቁመት 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ እንዲል አስተካከልን። ይህንን ደግሞ ከነጭነቷ አድርጉት! ፒክአፕ ኋላዋ ላይ በቆሎ ሲጫን አፍንጫዋ ቀና ይላል፣ መብራቷም አብሮ ሰማይ ያያል። ባዶዋን አስተካክሎ ጭኖ መሄድ ዋጋ የለውም።

ኤልኢዲ ሁሉ መጥፎ ነው አላልኩም። ከነቤቱ ለኤልኢዲ የተሠራ ሙሉ መብራት ጥሩ ነው፣ አቅም ካለ። ጀርመኖች እንኳ በ2020 እ.ኤ.አ. በሃሎጅን ቤት የሚሰካ ኤልኢዲ ሲፈቅዱ፣ ተፈትሾ ባለፈበት የመኪና ሞዴል ላይ ብቻ ነው። እኛ ጋ ግን «ይገባል ወይ?» ብቻ ነው የሚጠየቀው። ሶኬቱ ውስጥማ ይገባል።

ወንድሜ ሳምንት አኩርፎኝ ነበር። አሁን «እንደ ኤልኢዲው ቀን ባይመስልም ይታየኛል» ይላል። ኤልኢዲዎቹን አልጣላቸውም፤ መብራት ሲጠፋ ከአሮጌ ባትሪ ጋር አገናኝቶ ግቢው ውስጥ ያበራቸዋል።