ብቻውን ያሳተመ ሁሉ ነፃ አይደለም

አሳታሚ የሌለው ዘፋኝ ሁሉ ዛሬ «ነፃ አርቲስት» ነኝ ይላል። አልበሙን በራሱ የዩቲዩብ ገጽ ይለቃል፤ ወጪውንም ራሱ ይሸፍናል። ስታደምጡት ግን ግጥሙ ከአንዱ፣ ዜማው ከሌላው፣ ቅንብሩ አምና የሰማነውን ሁሉ ካቀናበረው ሰው ነው። አሥራ አራት ዘፈን፦ አንዱ ለሠርግ፣ አንዱ ለእናት፣ አንዱ ለአገር፣ የቀረው ለጭፈራ። ይህ አልበም ሳይሆን የወር አስቤዛ ነው።

አልበምን ከእኩዮቹ የሚለየው የሠሪው ምርጫ ነው፤ በተለይም እንቢ ያለው ነገር።

እኔ ከምኖርበት ከፕሊማውዝ የሚኔቶንካ ሐይቅ ሩቅ አይደለም። ፕሪንስ በ1980 እ.ኤ.አ. «ደርቲ ማይንድ»ን የቀዳው በዚያ አካባቢ በነበረው የቤት ስቱዲዮ ነው፤ መሣሪያዎቹንም ከሞላ ጎደል ብቻውን ተጫውቷል። አሳታሚው ግዙፉ ዋርነር ብራዘርስ ነበር። በ1984 ደግሞ «ዌን ዶቭስ ክራይ» ላይ ቤዙን ጨርሶ አወጣው። ያለ ቤዝ የተሠራው ዘፈን በአሜሪካ አንደኛ ወጣ። እንግዲህ ነፃነት የአሳታሚ መኖር አለመኖር ጉዳይ ብቻ አይደለም።

«እሱ አሜሪካዊ ነው» ለምትሉኝ፣ የራሳችን ሰው አለ። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ «ሸሞንሟናዬ»ን ሲሠሩ አኮርዲዮናቸውን፣ ኪቦርዶቻቸውንና የሪትም ማሽን ይዘው ብቻቸውን ገቡ። የቆዩ ዜማዎችን ነው የተጫወቱት፤ ድምፁ ግን የማንንም አይመስልም። ካሴቱን አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ ባሕር ዳር አግኝቶ በ2013 እንደገና ሲያሳትመው፣ እሳቸው ዋሽንግተን ታክሲ ይነዱ ነበር።

እዚህ ላይ ጥፋቱ የዘፋኞቹ ብቻ አይደለም፤ እኛም አለንበት። አዲስ ድምፅ ይዞ የመጣን ልጅ «ጎበዝ ነህ፣ ግን ለሠርግ አይሆንም» ብለን እንሸኘዋለን። በሚቀጥለው አልበሙ ያንኑ የታወቀ አቀናባሪ ይዞ ሲመጣ ደግሞ «ሁሉም አንድ ዓይነት ሆነ» ብለን እናማርራለን።

«ሕዝባችን አዲስ ነገር አይወድም» የሚለው ሰበብም አይሠራም። ሮፍናን በ2018 «ነጸብራቅ»ን ይዞ ሲመጣ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃን ከአገር ቤት ድምፆች ጋር አዋህዶ፣ የሥራውን አብዛኛውን ክፍል በራሱ እጅ ሠርቶ ነበር። አገር ቤት ያለው ወጣት ከዳር እስከ ዳር ሰማው።

ቀጣዩን አልበም ስትሰሙ በሐሳባችሁ የዘፋኙን ድምፅ አውጡትና ቅንብሩን ብቻ አድምጡ። የማን እንደሆነ ካላወቃችሁ፣ ዘፋኙ የከፈለው ለሌላ ሰው አልበም ነው።